ነፋሱ የተከሰሰበት ክረምት

ኃይለ መስቀል ዛፍ ከመቁረጡ በፊት ሰላምታ ይሰጥ ነበር። ከየካ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ጎጆ የቀለሰ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። መጥረቢያውን ከትከሻው ያወርዳል፤ ነጠላውን እንደ ደጅ ጠኚ ያደገድጋል፤ ከጽዱ ዛፍ ፊት ይቆምና «እንደምን ሰነበቱ? ልጆችዎስ ደኅና ናቸው?» ይላል። ከዚያ ድምፁን ወፈር አድርጎ ስለ ጽዱ ራሱ ይመልሳል።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ወገቤን ብቻ ብርድ ይዞኛል።»

«እንግዲያው ጌቶች ቤት ገብተው እሳት ዳር ቢቆሙ አይሻልም?»

«መሻሉስ ይሻላል። ግን ቀስ አድርገህ ጣለኝ፤ እርጅና ነው።»

ይህን ሳይባባሉ መጥረቢያ አይነሣም። እንጨት ቆራጭ ነው ይባል እንጂ፣ ከመጥረቢያው ይልቅ ምላሱ ቶሎ ይሳል ነበር። እሱ ባለበት ዱዳ ሆኖ የሚቀር ዕቃ የለም። ዝናቡን «የሚስቴ አጎት» ይለዋል፤ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ከመጣም አይሄድም። የረርና እንጦጦ የተኳረፉት በአንድ የደመና ነጠላ ምክንያት ነው፤ እንጦጦ ለቅሶ ልደርስበት ብሎ ተውሶ እስከ ዛሬ አልመለሰም። ጠላ በተጠመቀበት ቤት ሁሉ እየተጠራ ይህን ሲያወራ፣ አንዲት እርጉዝ ከመሣቋ ብዛት ለመስከረም የተጠበቀውን ልጇን በሐምሌ ወለደችው ይባላል። ልጁም ሲወለድ አላለቀሰም፤ «ከዚያስ ምን አለ?» የሚል ይመስል ዓይኑን አፍጥጦ ነበር።

ሚስቱ የማርያምወርቅ ብቻ አትሥቅም። «ዕቃዬን አታናግርብኝ» ትለዋለች። «ከለመዱ ወዲያ እኔን መስማት ይተዋሉ።»

ዘመኑ እንጦጦ ከተማ የሆነበት ዘመን ነው። ሹሙ ሁሉ ግቢ ያጥራል፣ ግቢ ያጠረው እልፍኝ ይሠራል፣ እልፍኝ የሠራው ደግሞ የጎረቤቱን እልፍኝ አይቶ ያፈርስና ከፍ አድርጎ ይጀምራል። ጽድና ወይራው እንደ ዘመቻ ሰው በገፍ ወጥቶ ያልቅ ጀመር። አንድ ባላምባራስ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ እልፍኝ አሰኛቸውና መካከሉን የሚሸከም ምሰሶ ጠፋ። የአናጺዎቹ አለቃ ጠላ ቤት ገብቶ፣ ቀጥ ያለ ምሰሶ ላመጣ ሰው ባላምባራሱ በቅሎ ከነኮርቻዋ እንደሚሰጡ ተናገረ።

ኃይለ መስቀል ዋንጫውን አስቀመጠ። በቅሎ ላይ ተቀምጦ ዳገቱን ሲወጣ፣ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ተነሥቶ እጅ ሲነሣው ታየው።

«ለእኔ ዛፍ እምቢ አይለኝም» አለ።

«እንግዲያው እስከ ቡሄ አምጣ» አለው አለቃው።

«ባላመጣ ከእንጨት ጋር ያለኝ ዝምድና ይፍረስ።»

ሰዉ ሁሉ ሰማው። በማግሥቱ ዳገቱን ላይ ታች ቢል ያገኘው ጉቶ ብቻ ነው፤ የቀረው ዛፍም ወይ ጎባጣ፣ ወይ ቀጫጫ። ምሰሶ የሚሆን አንድ ብቻ ነበረ። እሱም የእርቁ ዝግባ ነው።

የእርቁ ዝግባ የመንደሩ ግጦሽና የሂርጳ የገብስ ማሳ በሚገናኙበት ድንበር ላይ ቆሟል። የተጣላ የሚታረቀው ከሥሩ ነው። ጥላው ከመስፋቱ የተነሣ ባልና ሚስት በወዲህ፣ ወሰን የተጋፉ በወዲያ ሲሟገቱ አንዱ የሌላውን ነገር አይሰማም ነበር። መጥረቢያ ላነሣበት ሰው የተቆረጠው ሕግ አጭር ነው፤ እሳት አይጫርለት፣ ሲታመም አይጠየቅ፣ ሲሞት አይቀበር።

ሂርጳ ማለት የኃይለ መስቀል አበልጅ ነው፤ የልጁ የሙሉነሽ የክርስትና አባት። በዓመት የሚናገረውን ኃይለ መስቀል ቁርሱን ሳይበላ ይጨርሰዋል። የዚያን ዓመት ግን ግንቦት ላይ፣ በሬዎቹን እየፈታ፣ ሰው ባለበት «ይህ ዝግባ ገብሴን ፀሐይ ከለከለው» ብሎ ነበር። ሂርጳ ከተናገረ ነገሩ ከባድ ነው ተብሎ መንደሩ ሁሉ ቃሉን ያዘው።

ሐምሌ ገባ። በእንጦጦ ሐምሌ ጉሙ ሲወርድ ሰው የገዛ እጁን ለማግኘት ስም ጠርቶ ይፈልጋል። ኃይለ መስቀል ዶማውን በነጠላው ጠቅልሎ፣ መጥረቢያውን ይዞ ዝግባው ዘንድ ሄደ። ግንዱን ቢነካ ግንዱ ይመሰክርበታል። ስለዚህ በዳገቱ በኩል አፈሩን ቆፈረ፣ ያገኘውን ሥር ቆረጠ፣ አፈሩን መለሰ፣ ሣሩንም እንደነበረ አልብሶ ሄደ። በማግሥቱም ጉም ነበረ፤ ደግሞ መጣ። ጉሙን «አዛኜ» አለው። መጥረቢያውን «ዝም በይ» አላት። ዝግባውን ግን ምንም አላለውም። ሰላምታ ሳይሰጥ የቆረጠው የመጀመሪያ ዛፍ ያ ነው።

ጥቂት ሰንብቶ አንድ ቀን ወደ ማታ ከየረር በኩል ብርቱ ነፋስ ተነሣ። ዝግባው አንድ ጊዜ አቃሰተና ግጦሹ ላይ ተጋደመ።

መንደሩ እንደ ለቅሶ ተሰበሰበ። ሴቶቹ አንጀታቸው አልችል ብሎ ዋይ አሉ። ሁሉም ደግሞ እንደ ልማዱ ወደ ኃይለ መስቀል ዞረ፤ ዛፍ ሞቶ እሱ ዝም ይላል ተብሎ አይታሰብም። ዝም ቢል ያኔ በተያዘ። ተናገረ።

«አጥፊው ነፋሱ ነው» አለ። «ከየረር ማዶ ጠጁን ጠጥቶ መጣ። ከዳገቱ ሲደርስ ‹ማን ነው ፊቴ ቆሞ እጅ የማይነሣኝ?› አለ። ዝግባውም ሽማግሌ አይደለም? ‹ልጄ፣ ሰክነህ እለፍ› አለው። ‹ልጄ? ማን ወለደኝ? እኔ አባት የለኝም› አለና አንገቱን ያዘው። አሁን እፍረት ይዞት ይሆናል፣ ይኸው ትንፍሽ አይልም።»

እንባ ያቀረረው ሰው ሣቀ። የመንደሩ ጭቃ ሹም ዓለሙ ዓይኑን እየጠረገ፣ «ነፋስ ተይዞ አይዳኝ፤ እግዚአብሔር የጣለውን ማን ይጠይቃል?» አለ። ሽማግሌዎቹም ሜዳ ላይ ከሚበሰብስ ምሰሶ ይሁን ብለው ለኃይለ መስቀል ፈቀዱ። አናጺዎቹ ግንዱን ጭቃው ሲጠጥር እንጎትተዋለን አሉ። በቅሎዋ ግን ጭቃ ሳትፈራ ወዲያው መጣች።

መከራው የጀመረው በዚህች በቅሎ ነው። ደጃፉ ላይ ታስራ፣ ጆሮዋን አቁማ፣ ልክ እንደ ንስሐ አባት «እሺ፣ ከዚያስ?» በሚል ዓይን ታየዋለች። ጀርባውን ይሰጣታል፤ ማየቷን አትተውም። ቤት ሲገባ ደግሞ የዕድሜ ልኩን በራሱ አፍ ሲያናግር የኖረው ዕቃ ሁሉ ሳይጠየቅ መናገር ጀመረ። በሩ ሲከፈት፣ ሊናገር ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ ያቃስትና ነገሩን ሳይጨርስ ይተወዋል። ጉልቾቹ ሦስት ሆነው ተጠጋግተው ያሙታል። ቀድሞ «እመቤት» የሚላት መጥረቢያ ግድግዳው ላይ ተሰቅላ ፊቷን አዙራበታለች። ዶማውን አዛባ ክምር ውስጥ ቀብሮታል፤ ዶማው ግን ከዚያ ሆኖ ያስላል።

«ምን ሆነሃል?» አለችው የማርያምወርቅ። «ዕቃው ሁሉ ተኳርፏል፣ ወይስ አንተ ነህ?»

«ብርድ ነው።»

«ብርድ ዓይን ያስተክላል እንዴ?»

ሂርጳ ጭብጦ በቅል ይዞ፣ ስለ በቅሎዋ እንኳን ደስ ያለህ ሊል መጣ። መደቡ ላይ ተቀመጠ።

«አበልጄ» አለ፣ «ዛፍ ይሰማል?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ግንቦት ላይ ገብሴን ከለከለኝ ብዬው ነበር። ሰምቶኝ ይሆን? ካዘነብኝ ብዬ ነው። አንተ የእነሱን ነገር ታውቃለህ።»

ኃይለ መስቀል የያዘውን ጭብጦ አስቀመጠ። መንደሩን ሲያሥቅበት የኖረውን ነገር አንድ ሰው አምኖት ኖሯል። እንቅልፍ ያጣ ደግሞ እሱ ብቻ አልነበረም፤ ያልበደለውም አጥቷል።

«ዝግባ ጆሮው ከባድ ነው» አለ። «አልሰማህም።»

«ተመስገን» አለ ሂርጳ፤ ፊቱም በራ። ያ የበራ ፊት ከበቅሎዋ ዓይን ይልቅ ኃይለ መስቀልን አቃጠለው።

ነሐሴ ዝናቡን አወረደና ጎርፉ ግንዱ የተነቀለበትን ጉድጓድ አጠበው። ውኃ ሊቀዱ የወረዱ ሴቶች የተቆረጡትን ሥሮች አዩ፤ መጥረቢያ የነካው ጫፋቸው እንደ ጥርስ ነጥቶ አፍጥጧል። ነፋስ እንዲህ አድርጎ አይቆርጥም። ጭቃ ሹሙ አውጫጭኝ ጠራ።

አውጫጭኝ ላይ ጎልማሳ ሁሉ ይቀመጣል፤ አጥፊው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም፣ ከብት ቢጠፋ፣ ምጥ ቢመጣ። አንድ አንዱ እየተነሣ ከሽማግሌው ጆሮ የሚያውቀውን ያንሾካሹካል። ሽማግሌው የተናጋሪውን ስም አያወጣም፤ «ወፍ እንዲህ አለች» ይላል እንጂ። በዚያ አገር ሰው የፈራውን የምትናገርለት ወፏ ናት።

ግጦሹ ላይ፣ የተጋደመውን ዝግባ ከበው ተቀመጡ። የሚሰማው ሽማግሌ አያ ገብረ ክርስቶስ ነበሩ። የኃይለ መስቀል ተራ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ፣ «እኔ የማውቀው ነፋሱን ነው» አላቸው።

«ነፋስ መጥረቢያ ከማን ተዋሰ?» አሉት ቀስ ብለው። «ሂድ፣ ተቀመጥ።»

ወደ ማታ አያ ገብረ ክርስቶስ ተነሡ። «ወፍ እንዲህ አለች፤ ዝግባው የማንን ገብስ ፀሐይ ከለከለ? ሌላዋም ወፍ እንዲሁ አለች። ሦስተኛዋም።»

ዓይን ሁሉ ሂርጳ ላይ አረፈ፤ ሰላም ሳይል ዛፍ ይነካል ብሎ ኃይለ መስቀልን የጠረጠረ አልነበረም። ተነሥቶ ቆመ፤ ጋቢው ከትከሻው ተንሸራተተ፣ አላነሣውም።

«እኔ አልቆረጥኩም።»

«ማን ይመሰክርልሃል?» አለ ጭቃ ሹሙ።

ሂርጳ ዞር ዞር አለ። እሱ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው፤ የሚያስፈልገው ቀን ደርሶ ከጎተራው ቢፈልግ አላገኘም። ዓይኑ አበልጁ ላይ ቆመ።

«ኃይሌ ዛፍ ያናግር የለም?» አለ። «ዝግባውን ይጠይቅልኝ። ዝግባው ሂርጳ ነው ካለ፣ እኔ ነኝ። እሳቱን ከልክሉኝ።»

ከኋላ ሣቅ ተነሣ። ጭቃ ሹሙ ግን ረኀቡም ብርዱም ጠንቶበታል። «ወፍ ከተናገረች ዛፍን ማን ከለከለው? ተነሥ፣ ኃይለ መስቀል» አለ።

ኃይለ መስቀል ተነሣ። ነጠላውን አደገደገ፤ እጁ ብቻውን ነው ያደረገው። ግንዱ ራስጌ ቆመ።

«እንደምን ሰነበቱ?» አለ።

ድምፁን ወፈር አድርጎ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ምንም አልመጣም። አንዲት ቃል ብቻ ይበቃው ነበር፤ «ነፋስ» ቢል ሂርጳም ይድናል፣ እሱም ይድናል፣ ሰዉም ገብቶ እራቱን ይበላል። በዕድሜው ስንት ዛፍ አዋሽቷል። ይህ ግን አፉን አላበድር አለው። ነፋሱ ራሱ እንኳ የሚባለውን ሊሰማ የመጣ ይመስል ጸጥ ብሏል፤ አንድ ቅጠል አይነቃነቅም።

«ጮክ በል፤ ከኋላ አይሰማም» አለ አንዱ።

«አይመልስልኝም» አለ ኃይለ መስቀል። «ምን ብሎ ይመልስልኛል? ሰላም ሳልለው ነው ሥሩን የቆፈርኩት።»

ሜዳው በሣቅ ፈረሰ።

«ይህቺን የማንን ድምፅ አመጣሃት?» አለው ጎረቤቱ።

«የራሴን።»

ይባስ ብለው ሣቁ። አንዱ ጭኑን እየመታ «የሌባውን ፊት እዩልኝ፣ ቁርጥ ሌባ» አለ። ኃይለ መስቀል «በማርያም፣ እኔ ነኝ» ብሎ ማለ፤ ሆዳቸውን ይዘው ተንከባለሉ። ዛፍ ሆኖ ሲናገር ሲሰሙት ከኖሩ ሰዎች መካከል፣ ኃይለ መስቀል ሲናገር የሚያምነው ጠፋ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ያልሣቀ አንድ ሰው ነበር፤ ሂርጳ። እሱ ቆሞ ያየው ነበር።

ኃይለ መስቀል ቤቱ ሮጦ ሄዶ አዛባውን በእጁ ቆፈረ። ዶማውን አምጥቶ ግንዱ አጠገብ አስቀመጠው፤ የዝግባው ሥር ልጣጭ ከነሙጫው ስለቱ ላይ ደርቋል። መጥረቢያዋን ደግሞ የማርያምወርቅ ከኋላው ተከትላ አመጣችና ሥሩ ላይ ያለው ምልክት ላይ ገጠመቻት። ልክ ገባች። ሣቁ ከፊት ተነሥቶ ወደ ኋላ ጠፋ፤ እርጥብ ገለባ ላይ እንደተጣለ ፍም።

«ለበቅሎ?» አለው ሂርጳ።

«ለበቅሎ።»

«አልሰማህም አልከኝ እኮ። ገብሴን ባየሁ ቁጥር ይቅር በለኝ እያልኩት ከረምኩ።»



ሕጉ የታወቀ ነው፤ እሳት አይጫርለት፣ ሲታመም አይጠየቅ፣ ሲሞት አይቀበር፣ እስኪታረቅ ድረስ። እዚህ ላይ አንዱ፣ «ዕርቁ የት ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ። «ከዝግባው ሥር ነዋ» አለ ጭቃ ሹሙ፤ ከአፉ ሳይጨርስ ሁሉም የተጋደመውን ዝግባ አየ። ዝናብ መጥቶ እስኪያባርራቸው ተከራከሩ። ያለ ዛፍ ዕርቅ ዕርቅ አይደለም ያለ አለ። ሌላው፣ ግንዱ ላይ ቢቀመጡስ አለ፤ ሬሳ ላይ ተቀምጦ ይታረቃል ወይ ተብሎ ተሰደበ። በመጨረሻ አያ ገብረ ክርስቶስ ነገሩን ቆረጡት። ኃይለ መስቀል እዚያው ጉድጓድ ላይ የዝግባ ችግኝ ይትከል። ጥላው ሰው ሲይዝ ያን ጊዜ ከሥሩ ይታረቃል።

«ዝግባ እስኪያድግ ዕድሜ ይፈጃል እኮ» አለ ጭቃ ሹሙ።

«እሱ ካልደረሰበት ልጁ ትደርስበታለች» አሉ አያ ገብረ ክርስቶስ።

ኃይለ መስቀል በቅሎዋን ለባላምባራሱ መልሶ ወሰደ። ግንዱንም ተዉት ቢል የአናጺዎቹ አለቃ፣ «ምሰሶ ምን ኃጢአት አለበት?» ብሎ በበሬ አስጎተተው። እልፍኙ ተሠራ፣ ተመረቀ፣ ጠጅ ተጠጣበት። ሳይሰነብት ግን ሹማምንቱ ብርዱን ሸሽተው ወደ ፍልውኃው ሜዳ መውረድ ያዙ፤ ባላምባራሱም ወረዱ። በዚያ እልፍኝ መካከል ዝግባው ማንንም ሳያስታርቅ፣ ጅብና ቀበሮ እያዳመጠ ብቻውን ቆመ።

የማርያምወርቅ እሳት እንዳይጠፋባት ፍሙን በአመድ ሸፍና እንደ አራስ ልጅ ትጠብቀው ጀመር። «ተኛ፣ የኔ ጌታ፣ እስከ ጧት አትሙትብኝ» ትለዋለች። ዕቃ አታናግር ስትል የኖረች ሴት፣ በጎረቤት ፈንታ የምታወራው ከፍም ጋር ሆነ። ኃይለ መስቀል ይህን እየሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

ኃይለ መስቀል ጨዋታ ማውራቱን ተወ። መንደሩ እሳት ከለከለው እንጂ የእሱን ወሬ ማጣቱ መንደሩን ራሱን ጎዳው፤ ጠላ ቤቱ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸጥ አለ። ሰዎች በመንገዱ ሲያልፉ ሆን ብለው ድንጋይ ይመቱና «እስቲ ይህ ድንጋይ አሁን ምን ይል ይሆን?» ይባባላሉ፣ ጮክ ብለው፣ እንዲሰማ። እሱ ችግኙን ይኮተኩታል። ውርጭ ሲወርድ የራሱን ጋቢ ያለብሰውና እየተንቀጠቀጠ ያድራል። ጧት ጧት «እንደምን አደሩ?» ይለዋል፤ ከዚያም ይቆማል፣ መልስ ይጠብቃል፣ መልሱን ግን እንደ ድሮው ራሱ አይመልስለትም። የዝግባን አፍ ደግሜ አልነካም ብሎ ነበርና።

ሂርጳ ከዚያ ቀን ወዲህ አላነጋገረውም። ገብሱ ፀሐይ አግኝቶ አማረ፤ እሱ ግን በማሳው ዳር ሲያልፍ ጉድጓዱን አያይም።

ሦስት ክረምት አለፈ። አንድ ጥቅምት፣ ፀሐይዋ ጠራርታ የረር በእጅ የሚነካ በሚመስልበት ቀን፣ ሂርጳ ማጭዱን አስቀምጦ ከማሳው ወጣ። ችግኙ ከጉልበት አይበልጥም። ኃይለ መስቀል ከኩትኳቶው ቀና አለ፣ ሊነሣም ፈልጎ ፈራ። ሂርጳ ቁጢጥ አለና ችግኙን ላይ ታች አየው። ከዚያ እጁን ዘረጋ፤ መዳፉን መሬት ላይ፣ ችግኙ በጣላት ትንሽ ጥላ ውስጥ አስቀመጠው።

«እጄን ያዘ» አለ።

ኃይለ መስቀል ነገሩ አልገባውም። «ምን?»

«ጥላው ሰው ሲይዝ አይደል የተባለው? እጄን ይዟል። በእጄ ታርቄሃለሁ።» ትንሽ አሰበና ጨመረ፤ «የቀረው አካሌ ገና ነው።»

ኃይለ መስቀል በጉልበቱ ተንበረከከ። የራሱን እጅ ከአበልጁ እጅ አጠገብ ሊያኖር አመጣና፣ ቦታው ለአንድ እጅ እንጂ ለሁለት እንደማይበቃ አይቶ ከጥላዋ ውጭ፣ ፀሐዩ ላይ አኖረው። ፀሐይዋ ግን መንገደኛ ናት፣ አትቆምም፤ ጥላዋ ከሂርጳ ጣቶች ላይ ቀስ እያለች መሸሽ ጀመረች።

ሂርጳ አያትና እጁን ወደ ሄደችበት ፈቀቅ አደረገ።